«ሎካልሆስትን ብሎክ አድርገናል» ማለት ይብቃ፦ ስለ ጊት ሰርቨርና ኤስኤስአርኤፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች

በየሴኩሪቲ ሪቪው ስለ ኤስኤስአርኤፍ ሳነሳ የምሰማው መልስ አንድ ነው፣ «ሎካልሆስትን (ሰርቨሩ ራሱን የሚጠራበትን አድራሻ፣ 127.0.0.1ን) ብሎክ አድርገናል እኮ»። ሰለቸኝ። ኤስኤስአርኤፍ ማለት ሌላ ሰው ዩአርኤል ሰጥቶ የእናንተን ሰርቨር ራሱን ሪኩዌስት ሲያስልከው ነው፣ ኮድ የሚቀመጥበት የጊት ሰርቨር ላይ ደግሞ ዌብሁክ አለ (አንድ ነገር ሲፈጠር ወደ ሰጣችሁት ዩአርኤል መልእክት የሚልክ)፣ ሪፖ ኢምፖርት አለ፣ ሚረር አለ (ሪፖውን ከሌላ ሰርቨር ጋር የሚያመሳስል)፣ ሁሉም ዩአርኤል ተቀብለው የሚሄዱ ናቸው።

«ፋየርዎል ውስጥ ነን»። ሪኩዌስቱን የሚልከውም እኮ እዛው ውስጥ ያለው ሰርቨር ነው፣ ፋየርዎሉ ማንን ያስቁም?

«አካውንት የሌለው ሰው ምንም አያደርግም»። በ2021 ጊትላብ የደፈነው የሲአይ ሊንት (የሲአይ ፋይል ትክክል መሆኑን የሚያየው መሣሪያ) ክፍተት፣ ዌብሁክ ወደ ውስጥ ኔትወርክ እንዲልክ በተፈቀደበት ሰርቨር ላይ ሎግኢን እንኳን አይጠይቅም ነበር፣ ከ10.5 ጀምሮ ያሉትን ቨርዥኖች ነው የነካው።

አሁን ወደ ሎካልሆስቷ። 127.0.0.1ን ከልክላችሁ 0 ብቻ ቢጻፍስ? 2130706433 ቢባልስ፣ እሱም ያው አድራሻ ነው፣ በአይፒቪ6 ደግሞ ሌላ አጻጻፍ አለው። በ2017 የሴኩሪቲ ተመራማሪው ኦሬንጅ ፃይ የጊትሃብ ኢንተርፕራይዝን የዌብሁክ ቼክ ያለፈው በዚችው 0 ነው፣ ከዛ 4 ክፍተት አያይዞ ሰርቨሩ ላይ ኮድ እስከማስኬድ ደረሰ።

«እኛ ስሙን ሪዞልቭ አድርገን (በዲኤንኤስ ወደ አይፒ ቀይረን) አይፒውን ነው የምናየው» ያሉኝም ነበሩ። የአንድ ቲም ሰርቨር ላይ በፈቃዳቸው ሞከርኩት፣ ዌብሁኩን ሴቭ ሳደርግ ዶሜኔ ፐብሊክ አይፒ ላይ ነበር፣ ቼኩን አለፈ፣ ከዛ የዲኤንኤስ ሬከርዱን ወደ 127.0.0.1 ቀይሬ ቴስት የሚለውን ስጫን ፓስወርድ የሌለው የሞኒተሪንግ ገጻቸው የዌብሁኩ መልስ የሚመዘገብበት ዴሊቨሪ ሎግ ላይ እንዳለ ተዘርግፎ መጣ፣ የሰርቪሶቹ ስም ከነፖርታቸው። ቼክ ያደረጉት ሴቭ ሲደረግ ነው፣ ሲላክ ግን ማንም አላየውም።

ስለዚህ ቼኩ መሆን ያለበት ኮኔክሽኑ ሲከፈት፣ በትክክል የሚገናኘው አይፒ ላይ ነው። ሪዳይሬክት (ወደ ሌላ ዩአርኤል የሚመራ መልስ) አትከተሉ፣ ግድ ከሆነ እያንዳንዱን እንደ አዲስ ቼክ አድርጉ። የሚከለከለውን ከመዘርዘር የሚፈቀደውን ዘርዝሩ። ጊትላብ ላይ ዌብሁክ ወደ ሎካል ኔትወርክ እንዲልክ የሚፈቅደው የአድሚን ሴቲንግ በርቶ እንደሆነ ዛሬውኑ እዩት፣ ብዙ ቦታ አንድ ቀን ለአንድ ኢንተግሬሽን ተብሎ በርቶ እንደዛው ተረስቶ ነው ያገኘሁት።

«ጌት ብቻ ነው (ለማንበብ ብቻ የሚላክ ሪኩዌስት)፣ ምን ይጎዳል» የምትሉ ደግሞ፣ ክላውድ ላይ የሜታዳታ አድራሻው 169.254.169.254 የሰርቨሩን ጊዜያዊ ቁልፍ የሚሰጠው በጌት ነው። ኤደብሊውኤስ ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ በፑት ሪኩዌስት ቶከን የሚያስጠይቀውን አይኤምዲኤስቪ2ን (የዚሁ ሜታዳታ ሰርቪስ ሁለተኛ ቨርዥን) አስገዳጅ አድርጉት፣ አሮጌውን ዝጉት።