ነጩ መርከብ፦ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች በደቡብ ቻይና ባሕር

የባሕር ጠረፍ ጠባቂ በመሠረቱ የባሕር ፖሊስ ነው። ኮንትሮባንድ ይይዛል፣ የሰጠመ ያወጣል። የአሜሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1790 ሲጀመር ሥራው ቀረጥ ማስከበር ነበር። በደቡብ ቻይና ባሕር ግን ዛሬ የግዛት ጥያቄ የሚገፋው በአብዛኛው በእነዚህ ነጭ መርከቦች ነው።

ቀለሙ ትልቅ ነገር ነው። ግራጫው የጦር መርከብ ከመጣ ነገሩ ጠብ ነው። ነጩ ከመጣ ግን «ሕግ ማስከበር ነው» ማለት ይቻላል።

ፊሊፒንስ ይህን የተማረችው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 ነው። ስካርቦሮ በሚባለው የዓሣ ማጥመጃ ሥፍራ የቻይና አጥማጆች ኮራልና ሻርክ ይዘው ተገኙ። ማኒላ የባሕር ኃይል መርከብ ላከች። የሚገርመው፣ መርከቡ ቀድሞ የአሜሪካ ጠረፍ ጠባቂ የነበረ አሮጌ ነው፤ ቀለሙ ብቻ ተቀይሯል። ቤጂንግ ግን የሲቪል መርከቦች ልካ መሐል አስገባች። ወታደር ያመጣችው ፊሊፒንስ መሰለች። ማኒላ ወዲያው በጠረፍ ጠባቂ መርከብ ብትተካውም ረፍዶ ነበር። ቦታው አንድ ጥይት ሳይተኮስ በቻይና እጅ ገባ። በ2016 ዓለም አቀፍ የግልግል ችሎት ለፊሊፒንስ ቢፈርድም ቻይና አልተቀበለችውም።

በ1951 የተፈረመው የአሜሪካና የፊሊፒንስ የመከላከያ ውልም የሚናገረው ስለ ትጥቅ ጥቃት ነው። ዋሽንግተን ውሉ ጠረፍ ጠባቂዎችንም ይሸፍናል ትላለች። ግን በኃይል የተረጨ ውሃ የትጥቅ ጥቃት ነው? ሁለተኛው ቶማስ በሚባለው ሪፍ (ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ያለ የኮራል ዐለት) ላይ ፊሊፒንስ በ1999 ሆን ብላ አንድ የዛገ መርከብ አስቀምጣ ወታደሮች አስፍራበታለች። ስንቅ የሚያመላልሱ ጀልባዎች በዚሁ ውሃ ሲመቱ ኖረዋል፤ መርከበኞችም ቆስለዋል። ጦርነትም ሰላምም አይደለም።

ደግሞ ነጩ ቀለም ስስ ነው። ቻይና የተበታተኑ የባሕር መሥሪያ ቤቶቿን በ2013 አዋሐደች። በ2018 ጠረፍ ጠባቂውን በጦር ኃይሉ ማዕከላዊ ኮሚሽን ሥር አስገባችው። በ2021 የወጣው ሕግም በውጭ መርከቦች ላይ መሣሪያ እንዲጠቀም ፈቀደለት። የጃፓን ሕግ በተቃራኒው ጠረፍ ጠባቂዋ እንደ ጦር እንዳይደራጅ ይከለክላል። ያቺው ጃፓን 97 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት መርከቦች ሠርታ በ2022 ለፊሊፒንስ አስረክባለች።

በነሐሴ 2025 ስካርቦሮ አጠገብ አንድ የቻይና ጠረፍ ጠባቂ የፊሊፒንስን ጠረፍ ጠባቂ ያባርር ነበር። አንድ የቻይና የጦር መርከብም አብሮ ገባበት። የፊሊፒንሱ አመለጠ። ነጩና ግራጫው እርስ በርስ ተላተሙ፤ የነጩ አፍንጫ ክፉኛ ተጨራመተ።