«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው ለተወሰደው ሰው አይደለም

ባለፈው እሁድ ፓርኪንሰን (የሚያንቀጠቅጥና ሰውነት የሚገትር የአንጎል በሽታ) የያዘውን አባዬን ሊጠይቅ የመጣ ዘመዳችን ቡና እየጠጣን «ምን ይደረግ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ ባይዘናጋ ኖሮ እዚህ ባልደረሰ» አለ። ዝም አልኩ ግን አንጀቴ አረረ። ይሄ አባባል የታመመ ሰው መውቀሻ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ልጅ ሆኜ ክረምቱ ሊገባ ሲል ከአያቴ ጋር ግልገል ጊቤን በእግር ተሻግረናል። እኔን አዝሎ ዱላውን ውሃው በሚመጣበት በኩል እየተከለ አግድም ቀስ እያለ ይገባል፣ «ውሃውን አትመልከት ያዞርሃል፣ ማዶ ያለውን ዛፍ እይ» ይለኛል። ዳር ላይ ቁርጭምጭሚት ነው፣ ቅዝቃዜው ሳያስቡት ያስቃል፣ አሸዋው ከተረከዝ ስር እየሸሸ ይኮረኩራል፤ በኔ እምነት «እያሳሳቀ» የመጣው ከዚህች ኩርኮራ ነው፣ ድልድይ የለመደ ሰው ይሄን ቃል አያወጣውም። አጎቴ ደግሞ ዳር ቀርቶ ሽቅብ ያያል፣ ውሃው ደፍርሶ ቅጠል ይዞ ከመጣ «ደራሽ!» ብሎ የሚጮኸው እሱ ነው። አባባሉም ዳር ለቆመው ሰው ነው፣ ውሃ ውስጥ ያለ ሰውማ ምን ያያል።

አባዬን ፓርኪንሰን የያዘው እንደዛ እያሳሳቀ ነው። ቡና እየተቆላ ጭሱ ቤቱን ሞልቶት «ዛሬ ቡና የለም እንዴ?» አለን፣ ጅማ ተቀምጦ! ሳቅን። ከዛ በእንቅልፉ መራገጥና መጮህ ጀመረ፣ አሁንም ሳቅን። ቀጥሎ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ሲኒው መንቀጫቀጭ ጀመረ። ከዓመታት በኋላ ባዶውን ጥግ እያየ «ለነዚህ ልጆች ቡና ቁርስ ስጧቸው» ሲል ግን ማንም አልሳቀም።

አልፋ ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን አለ፣ ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል፣ ሲበላሽ ግን እርስ በርሱ እየተጣበቀ ነርቭ ሴል ውስጥ ይቋጠራል። ቋጠሮውን በ1912 (በፈረንጅ) የገለፀው ሉዊ የሚባል ሐኪም ስለሆነ ሉዊ ቦዲ ይሉታል። ብዙዎች ላይ ከታች፣ ከአንጎል ግንድና ከማሽተቻው ክፍል ጀምሮ እንደ ሙላት ሽቅብ ይወጣል፣ ሽታ መጥፋቱና በእንቅልፍ መራገጡ ቀድሞ የሚመጣው ለዚህ ነው፤ ዶፓሚን የሚባለውን የእንቅስቃሴ መልእክተኛ ኬሚካል የሚሰሩት ሴሎች ጋ ሲደርስ መንቀጥቀጥና መገተር ያመጣል፣ ላይኛው የአንጎል ሽፋን ላይ ሲወጣ ደግሞ ማሰብን ይነካል። አሴቲልኮሊን የሚባለውን ለትኩረትና ለማሰብ የሚያስፈልግ ኬሚካል የሚሰሩት ሴሎችም ስለሚሞቱ ሐሳብ ይበታተናል፣ የሌለ ነገር ይታያል። አንዳንዱ ላይ የአልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ዓይነት ለውጥም ይደረብበታል።

ሽታ ያጣ ሁሉ ፓርኪንሰን አለበት ማለት አይደለም። ግን እዚህ ውስጥ የአባዬ መዘናጋት የቱ ጋ ነው? መውቀስ ካማረህ ዳር ቆመን የሳቅነውን እኛን ውቀስ ወንድሜ፣ እሱን ተወው።