«ያጠራዋል» ማለት ያጥበዋል ማለት ነው?

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አራት ኪሎ ሥላሴ ግቢ ውስጥ አንድ ወጣት ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ዮሐንስ 15 ላይ ፍሬ የሚያፈራውን ቅርንጫፍ ‹ያጠራዋል› ይላል። ያጥበዋል ማለት ነው?»

ከተማ ላደገ ሰው ቃሉ ግር ይላል። የግሪኩ ግስ «ያነጻል» ማለት ነው። ለወይን ሲነገር ግን ገረዛ ነው፤ ትርፉን ቅርንጫፍ መቁረጥ ማለት ነው። ወይን የሚያፈራው ባለፈው ዓመት እንጨት ላይ በሚወጣ አዲስ ቀንበጥ ነው። ካልተገረዘ ቅጠሉ ይበዛል፣ ፍሬው ያንሳል። ስለዚህ ገበሬው አብዛኛውን ይቆርጠዋል። የሚገረዘው ደግሞ የሚያፈራው ቅርንጫፍ ነው፤ ይህ ሁሌም ልቤን ይነካኛል።

ገጠር ስታገለግሉ ወይን አይተው የማያውቁ ምእመናን ይኖራሉ። ቡና አብቃይ ከሆኑ የቡና ገረዛን አንሱላቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል።

ቁጥር 3 ላይ «ንጹሐን ናችሁ» የሚለውም በግሪኩ ከዚያው ሥር የወጣ ነው። መቁረጫው ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ የነገራቸው ቃል ነው።