በጎንደር አፍ የሚነገሩ መሠረታዊ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቃላት

በጎንደር ከተማ ስለ ኤሌክትሪክ ሲወራ የሚሰሙት ቃላት ከሦስት ወገን የመጡ ናቸው። ኮረንቲ፣ ባልቦላ፣ ስፒና፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ከጣሊያንኛ ተወርሰው በሠራተኛው አፍ የቀሩ ሲሆኑ፣ ቮልቴጅ፣ ፌዝ፣ ብሬከር፣ ቻርጀርና ትራንዚስተር ደግሞ በትምህርት ቤትና በዕቃ ማሸጊያ በኩል ከእንግሊዝኛ ገብተዋል፤ ቆጣሪ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ መሰኪያና አስተላላፊ የሚሉት አማርኛው ከራሱ ግስ ያወጣቸው ናቸው። ከተማዋ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በጣሊያን ጦር እጅ ስለነበረችና የፒያሳ ሕንፃዎች አብዛኞቹ የዚያው ዘመን ሥራ ስለሆኑ፣ የጣሊያንኛውን ድርሻ ለጎንደር ብቻ ለመስጠት የሚቃጣው ሰው አይጠፋም፤ ይሁን እንጂ እነዚሁ ቃላት በአዲስ አበባም በደሴም እኩል ይነገራሉ።

ጀማሪ ተማሪንም የቤት ባለቤትንም ይበልጥ የሚያደናግረው አንዱ ቃል ብዙ ነገር መሸከሙ ነው። «መብራት» አምፖሉም ነው፣ አገልግሎቱም ነው፤ «መብራት ሄደ» ሲባል ምጣዱም ማቀዝቀዣውም አብረው ቆመዋል ማለት ነው። «ባትሪ» በእጅ ተይዞ በጨለማ የሚበራው ዕቃ ሲሆን፣ በውስጡ የሚገባው «የባትሪ ድንጋይ» ይባላል፤ የመኪናው ግን ራሱ ባትሪ ነው። «ኮረንቲ» በፊዚክስ በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲሆን፣ በሰፈር «ኮረንቲ ያዘው» ተብሎ አደጋው ራሱ ይጠራበታል።

ቮልቴጅን፣ ኮረንቲንና መቋቋምን ለማስረዳት እዚህ ከተማ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ በየግቢው በብረት ማማ ላይ የተቀመጠው ሮቶ ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አገር ሮቶን የማያውቅ የለም። ሮቶው ከፍ ባለ ቁጥር፣ ቧንቧው ዝግ ሆኖም እንኳ፣ ውሃውን የሚገፋው ግፊት ይጨምራል፤ ቮልቴጅ እንዲህ ያለ ግፊት ሲሆን መለኪያው ቮልት ነው። ቧንቧው ሲከፈት በሰከንድ የሚያልፈው ውሃ የኮረንቲ አምሳያ ነው፣ የሚለካውም በአምፔር ነው። የቧንቧው መጥበብና መርዘም ደግሞ መቋቋምን ይወክላል፤ መለኪያው ኦም ይባላል። ቮልት የጣሊያናዊው የአሌሳንድሮ ቮልታ፣ አምፔር የፈረንሳዊው የአንድሬ ማሪ አምፔር መታሰቢያ ሲሆን፣ ሦስቱን መጠኖች ያስተሳሰረው ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሥራው መሠረት ቮልቱ ለኦሙ ሲካፈል አምፔሩን ይሰጣል። ምሳሌው የሚከዳበት አንድ ቦታ አለ። ቧንቧ ሲቆረጥ ውሃው ይፈሳል፤ ሽቦ ሲቆረጥ ግን ኮረንቲው ይቆማል፣ ምክንያቱም ኮረንቲ የሚያልፈው ሄዶ የሚመለስበት ዙር፣ ማለትም ሰርኪዩት፣ ሲኖር ብቻ ነው። ግፊቱ ግን በተቆረጠው ጫፍ ላይ እንደቆመ ይጠብቃል፤ በእጁ የነካው ሰው በእግሩ መሬት የረገጠ እንደሆነ ዙሩን የሚዘጋው እሱ ራሱ ይሆናል።

እነዚህን መጠኖች በአንድነት የሚያሳይ ከእንጀራ ምጣድ የተሻለ የቤት ዕቃ አይገኝም። ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ የሚገኘው ዋት ይባላል፤ 3,500 ዋት የሚል ምልክት ያለበት ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ የውስጥ ሽቦው መቋቋም ሲሰላ ወደ 14 ኦም ይሆናል። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሲጥድ ቮልቱ ወደ 180 ቢወርድ፣ ኮረንቲው ወደ 13 አምፔር፣ ኃይሉም ወደ 2,350 ዋት ይቀንሳል። ቮልቱ የወረደው ከአንድ አምስተኛ ባነሰ መጠን ሲሆን፣ ሙቀቱ ግን ሲሶውን አጥቷል፤ ምጣዱ ሳይግል ሊጥ የፈሰሰበት እንጀራ ደግሞ ዓይን አያወጣም። ስንት ደህና ምጣድ በዚህ ምክንያት አረጀ ተብሎ እንደተጣለ ቤቱ ይቁጠረው። ይህንኑ ምጣድ በቀጭን ሽቦ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው፤ በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በኮረንቲው ስኩዌር ስለሚያድግ (ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል)፣ ለስልክ ቻርጀር የበቃው ሽቦ ለምጣድ ሲሆን ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ሽታውም ከጓዳ ሳሎን ይደርሳል።

ከቃላቱ ሁሉ በጥንቃቄ መያዝ ያለበት «ኃይል» ነው። የዕለት አማርኛ ኃይልን፣ ጉልበትንና አቅምን እያቀያየረ ሲጠቀም፣ ሙያው ግን ሁለት የተለያዩ መጠኖችን መለየት ይጠበቅበታል፤ አንደኛው፣ እዚህ ኃይል የተባለው፣ ሥራው የሚሠራበት ፍጥነት ሲሆን የሚለካው በዋት ነው፣ ሁለተኛው በጠቅላላው የተሠራው ሥራ ሲሆን ቆጣሪው የሚመዘግበው በኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ያ 3,500 ዋት ምጣድ ሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ 9 ዋት የኤልኢዲ አምፖል ይህን ያህል ለመቁጠር ወደ 780 ሰዓት መብራት አለበት። ሒሳብ በዛብን ብሎ በየክፍሉ አምፖል እያጠፋ የሚዞር አባወራ ጓዳውን ቢያይ ይሻለዋል። ግዙፉ መለኪያ ሜጋ ዋትም፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን ዋት፣ ከዋት ይነሳል፤ ከጣና ሐይቅ ውሃ የሚስበውና በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ሲኖረው፣ ይህም 131 ሺህ ገደማ ምጣዶችን ባንድ ጊዜ የሚያግል ማለት ነው። ኃይል የሚለው ቃል በድርጅት ስምም ገብቷል፤ ቀድሞ መብራት ኃይል ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት በ2006 ዓ.ም. የሚያመነጨውና የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። በሰፈር አነጋገር ግን ሁለቱም እስካሁን መብራት ኃይል ናቸው።

ከባሕር ዳር ተነስቶ ጎንደር የሚደርሰው፣ ከዚያም በሸኸዲና በመተማ በኩል እስከ ሱዳን ገዳሪፍ የሚዘልቀው ከፍተኛ መስመር 230 ኪሎ ቮልት ነው። ቮልቱ አሥር እጥፍ ሲያድግ ያንኑ ኃይል ለማድረስ የሚያስፈልገው ኮረንቲ ወደ አንድ አሥረኛ፣ በመንገድ በሙቀት የሚባክነውም ወደ አንድ መቶኛ ስለሚወርድ፣ ሩቅ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ በከፍተኛ ቮልት ይጫናል። ቮልቱን የሚያወጣውና የሚያወርደው ትራንስፎርመር ነው፤ በአገሪቱ የተለመደውን የ15 ወይም የ33 ኪሎ ቮልት ማከፋፈያ መስመር ተቀብሎ ለቤት የሚሆነውን 220 ቮልት የሚሰጠው በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ባለ ዘይት በርሜል እሱ ነው።

ከትራንስፎርመሩ የሚወጡት አራት ሽቦዎች፣ ማለትም ቮልቴጅ የተሸከሙ ሦስት ፌዞችና ኮረንቲው የሚመለስበት አንድ ኒውትራል ናቸው። በማንኛውም ሁለት ፌዝ መካከል 380 ቮልት፣ በአንድ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል 220 ቮልት ይገኛል፤ አብዛኛው ቤት የሚደርሰው አንዱ ፌዝ ብቻ ነው። በአንድ ቅያስ የዚህኛው ወገን ቤቶች በርተው ማዶኛው ጨልሞ የሚታየውም «አንድ ፌዝ ሄደ» በሚባልበት ጊዜ ነው። ወፍጮ ቤት ግን ሦስቱንም ይፈልጋል። ከፌዞቹ አንዱ ሲጎድል፣ በሥራ ላይ ያለው የወፍጮ ሞተር፣ በሰፈር ስሙ ዲናሞው፣ ድምፁን ለውጦ ያጉረመርማል፣ ኃይሉ ይደክማል፣ በቀሩት ሁለት ፌዞች ከልክ ያለፈ ኮረንቲ እየሳበም ይግላል፤ ልምድ ያለው ባለ ወፍጮ ጆሮው ይህን እንደሰማ እህል ተረካቢውን ትቶ ወደ ማጥፊያው ይሮጣል፣ የዘገየ እንደሆነ የዲናሞው ጥምጥም ተቃጥሎ እንደገና ይጠመጠማል። የኒውትራል መበጠስ ደግሞ ለመኖሪያ ቤት የባሰ ነው፤ ያኔ የአንዱ ቤት ቮልት ሲወርድ የሌላው ከ300 ሊያልፍ ይችላል። «መብራቱ ኃይል ጨምሮ መጣ» ተብሎ የሚነገረው ይህን የመሰለ ብልሽት ሲያጋጥም ነው፤ የእኛም ቴሌቪዥን አንድ ማታ በዚሁ መንገድ ሄዷል።

ኧርዝ የዕቃውን የብረት አካል ከመሬት ጋር የሚያገናኘው መስመር ሲሆን፣ ሥራ የሚኖረው ብልሽት ሲፈጠር ብቻ ስለሆነ ቤት ሠሪው ቀድሞ የሚቆጥበው እሱን ነው። ድንጋያማና ደረቅ መሬት የኧርዝ ዘንግን መቋቋም ስለሚያበዛ፣ በበጋ የተቸከለን ዘንግ ባለሙያ ሳይለካው ማመን አይገባም።

ባልቦላ ከጣሊያንኛው «ቫልቮላ» የመጣ ሲሆን፣ መጀመሪያ ቀጭን ሽቦ የተወጠረበትን የሸክላ ፊውዝ ይሰይም ነበር፤ ዛሬ ብዙ ሰው ብሬከሩንም በዚያው ስም ይጠራዋል። ሁለቱም ኮረንቲ ከልክ ሲያልፍ ዙሩን ይቆርጣሉ፤ ፊውዙ ራሱን አቅልጦ፣ ብሬከሩ እጀታውን ወደ ታች ጥሎ። ፌዝና ኒውትራል ያለ ዕቃ በቀጥታ ሲነካኩ «ኮንታክት አደረገ» ወይም «ሾርት አደረገ» ይባላል። በተቃጠለ ባልቦላ ፋንታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ ማስገባት ባልቦላውን ከቤቱ ማስወጣት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀልጦ የሚቆርጠው በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ይሆናል።

ከመስመር የሚመጣው ኤሌክትሪክ ኤሲ፣ ማለትም ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው፤ በ50 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ሄዶ እየተመለሰ፣ በሰከንድ መቶ ጊዜ አቅጣጫውን ይቀይራል። ከባትሪና ከሶላር የሚገኘው ዲሲ አቅጣጫው አንድ ነው። 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ በውስጡ የያዘው፣ ሁለቱ ቁጥሮች ሲባዙ፣ 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆን፣ አምፖልና ስልክ ለቀናት ያቆያል፤ ምጣዱን ግን ምንም ብክነት ሳይኖር ከ20 ደቂቃ በላይ አያስኬድም።

ኤሌክትሮኒክስ የሚጀምረው ኮረንቲ ከማሞቅና ከማዞር አልፎ ምልክት፣ ማለትም ድምፅን ወይም ምስልን የመሰለ መረጃ፣ ሲሸከም ነው። ሪዚስተር ኮረንቲውን ይገድባል፣ ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፣ ዳዮድ ኮረንቲውን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል፤ እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈለሰፈው ትራንዚስተር ደግሞ ትንሹን ምልክት ያጎላል ወይም እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ያገለግላል። ዳዮድና ትራንዚስተር የሚሠሩት ሲሊከንን ከመሰሉ ከፊል አስተላላፊዎች፣ ማለትም ኮረንቲን ከመዳብ ያነሰ ከፕላስቲክ የበለጠ ከሚያሳልፉ ነገሮች ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩት፣ በዛሬዎቹም በቢሊዮን የሚቆጠሩት፣ በአንድ ቁራጭ ላይ ሲሰፍሩ አይሲ ይባላሉ። አራዳ ገበያ አካባቢ ወዳሉት የጥገና ጠረጴዛዎች የሚመጣ ቴሌቪዥን ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው የኃይል ቦርዱ ነው፤ በዚያ ላይ ያለው ትልቁ ካፓሲተር አናቱ ካበጠ ሕመሙ ሳይለካ ታውቋል። ጠጋኙ ግን ቶሎ አይነካውም። 220 ቮልት ኤሲ በዳዮዶች አልፎ ዲሲ ሲሆን ወደ 310 ቮልት ስለሚደርስ፣ ካፓሲተሩም ስፒናው ከተነቀለ በኋላ ይህንኑ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ሁለት ሽቦ ያወጣበትን አሮጌ አምፖል በካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ላይ ያሳርፋል፤ አምፖሉ አንዴ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ከዚያ መበየጃውን ያነሳል።