ዲግሪው ሊያልቅ ሲል ኮሌጅ ልቀይር? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ፣ ሐውልቱ አጠገብ ካሉት ማኪያቶ ቤቶች በአንዱ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ተቀምጠን ነበር። አካውንቲንግ ነው የምትማረው። ሦስተኛ ዓመቷን ጨርሳለች። ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ስቱደንት ኮፒ፣ ለተማሪው የሚሰጠውን የውጤት ወረቀት፣ አወጣች። ወረቀቱ መታጠፊያው ላይ ሊቀደድ ምንም አልቀረውም። ሁለት ኤፍ አለበት፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ጂፒኤ (አማካይ ነጥብ) 1.87 ይላል።

«ጋሼ፣ ሌላ ኮሌጅ ልገባ ነው። እማዬ እንዳትሰማ» አለችኝ። ማኪያቶዋ እስኪቀዘቅዝ አልነካችውም።

እኔም አልፌበታለሁ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ዲስሚስ ተብዬ፣ በነጥብ ማነስ ተሰናብቼ፣ ስሜን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያየሁበት ጠዋት ዛሬም አይረሳኝም። ያን ሰሞን የመከረኝ ሰው ብዙ ነበር፤ አብዛኛው ምክር ግን ስህተት ነበር። ልጅቷም ያንኑ ምክር ሰምታ ነው የመጣችው። አንድ በአንድ አነሳነው።

«አዲስ ኮሌጅ ከገባሁ የድሮው ግሬድ ይሰረዝልኛል»

ግማሹ እውነት ነው። ብዙ ኮሌጆች የተቀበሉትን ኮርስ ክሬዲቱን (የኮርሱን የሰዓት ክብደት) ብቻ ይይዛሉ፤ ግሬዱ አዲሱ ጂፒኤ ውስጥ አይገባም። ግን የድሮው ትራንስክሪፕት የትም አይሄድም። አዲሱ ኮሌጅ ኦፊሻሉን ይጠይቃል። እሱ ደግሞ ታሽጎ ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር ነው የሚላከው፤ በእጅ የያዙት ስቱደንት ኮፒ አይበቃም። ሁለቱ ኤፎች እዚያው ተጽፈው ይሄዳሉ።

ሌላም አለ። በትራንስፈር ለሚመጣ ተማሪ ብዙ ተቋማት 2.00 እና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ሸሽታችሁት የሄዳችሁት ቁጥር አዲሱ መስኮት ላይ ይጠብቃችኋል ማለት ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ የወጪ መጋራት (ኮስት ሼሪንግ) ውል ፈርማችኋል። ስትወጡ ክሊራንስ (ከተቋሙ ዕዳና ንብረት ነጻ መሆንን ማስመስከር) አለ፣ የኮስት ሼሪንጉም ጉዳይ ይነሳል። እሱን ሳታጣሩ ለአዲሱ ኮሌጅ መመዝገቢያ አትክፈሉ።

«የተማርኩት ሁሉ ይያዝልኛል»

አይያዝም። ብዙ ብር የሚያስወጣውም ይኼ እምነት ነው።

ኮርስ የሚያዘው አንድ በአንድ ታይቶ ነው። የዲፓርትመንቱ ሰው የናንተን ኮርስ አውትላይን ከራሳቸው ጋር ያስተያያል። ይዘቱ ይመሳሰላል ወይ? ክሬዲቱ እኩል ነው ወይ? ግሬዱስ? ብዙ ቦታ ከሲ በታች የሆነ ኮርስ ኤግዘምፕሽን (እንደገና ከመማር ነጻ መሆን) አያገኝም። ዲ አግኝታችሁ ያለፋችሁት ኮርስ አሁን ባላችሁበት እንደ ተወሰደ ሊቆጠር ይችላል፤ ስትዛወሩ ግን እንደገና ትማሩታላችሁ። በዚያ ላይ ብዙ ተቋማት ዲግሪ ለመስጠት ከኮርሶቹ የተወሰነው ክፍል እነሱ ጋ መወሰድ አለበት ይላሉ። ስለዚህ ፍሬሽማን ጨርሶ የሚዛወር ተማሪ ብዙም አይጎዳም። ሊመረቅ አንድ ዓመት የቀረው ግን ይጎዳል።

ልጅቷን «ስንት ክሬዲት እንይዝልሻለን አሉሽ?» አልኳት። «ሰባ ሁለት አካባቢ።» «ማን ነው ያለሽ?» «ምዝገባ ላይ ያለችው ልጅ።» «በጽሑፍ?» ዝም አለች።

በጽሑፍ ያልተሰጠ ኤግዘምፕሽን የለም። ይኼን ብቻ ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል።

«ከእንግዲህ ጂፒኤዬ አይነሳም»

እዚህ ላይ እስክሪብቶ አወጣሁ፤ ደረሰኙን ገልብጠን ጀርባው ላይ ጻፍን። እናንተም የራሳችሁን ቁጥር ይዛችሁ ተከተሉኝ።

የሷ ፕሮግራም 140 ክሬዲት ሀወር ነው። እስካሁን 110 ወስዳለች። ግሬድ ፖይንቷ (የእያንዳንዱ ኮርስ ክሬዲት በግሬዱ ቁጥር ሲባዛ፤ ኤ 4፣ ሲ 2፣ ኤፍ 0) ሲደመር 206 ነው። 206 ለ110 ሲካፈል 1.87 ይመጣል። ለመመረቅ 2.00 ያስፈልጋታል፤ 140 በ2 ሲባዛ 280። ስለዚህ በቀሪው 30 ክሬዲት 74 ፖይንት ማምጣት አለባት። 74 ለ30፣ 2.47። ሲ ፕላስ 2.5 በሚያዝበት ቦታ ቀሪውን ሁሉ ሲ ፕላስ ብታመጣ ይበቃታል።

ይኼ ሁለቱን ኤፎች ሳንነካ ነው። ኤፎቹ እያንዳንዳቸው ባለ 3 ክሬዲት ናቸው። ደግማ ሲ ብታመጣ እያንዳንዳቸው 6 ፖይንት፣ በድምሩ 12 ይጨምራሉ። ኮርስ ሲደገም አዲሱ ግሬድ የድሮውን በሚተካበት ተቋም 206 የነበረው 218 ይሆናል፣ 1.87 የነበረው 1.98። ከዚያ በኋላ በቀሪው 30 ክሬዲት በአማካይ 2.07 ይበቃታል። ከሲ ትንሽ ከፍ ያለ ማለት ነው።

ደረሰኙን አዙራ አዙራ አየችው። «ይቺን ነው እንዴ አይቻልም ያሉኝ?» አለች።

አሁን ሁለቱን መንገድ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ባለችበት ብትቆይ 30 ቀሪ፣ 6 የምትደግመው፣ በድምሩ 36 ክሬዲት። በሴሚስተር 18 ብትይዝ ሁለት ሴሚስተር ነው። በፕሮቤሽን (ነጥቡ ወርዶ በሙከራ) ላይ ላለ ተማሪ ክሬዲት ሊቀነስ ስለሚችል፣ አንድ ኮርስም በዓመት አንዴ ብቻ ሊሰጥ ስለሚችል፣ አንድ ሴሚስተር እንጨምርበት። ሦስት ሆነ። ብትዛወርና 72ቱ በሙሉ ቢያዝላት ደግሞ 68 ይቀራታል። በሴሚስተር 17 ስትይዝ አራት ሴሚስተር፣ ሁለት ዓመት። ያውም በግል ኮሌጅ ብዙ ጊዜ በክሬዲት ሀወር እየተከፈለ።

ሒሳቡ ለሁሉም ሰው እንዲህ አይወጣም። ነጥባችሁ 1.4 ከሆነና የቀራችሁ 20 ክሬዲት ከሆነ፣ ሁሉንም ኤ ብታመጡም ላይደርስ ይችላል። ያን ጊዜ መዛወር ወይም ዲፓርትመንት መቀየር የምር ሊታሰብ ይገባል። ግን መጀመሪያ ይቆጠር። ሳይቆጥር የሄደ ብዙ ልጅ አውቃለሁ።

«ዲስሚስ ከተባልኩ አለቀ»

ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ)፣ ፕሮቤሽን እና ዲስሚሳል (መሰናበት) ለየቅል ናቸው። ሰው ግን ሁሉንም «ተባረረ» ብሎ ያጠቃልላቸዋል። ዲስሚስ የተባለም ቢሆን እንደ ነጥቡና ለስንተኛ ጊዜ እንደ ተባለ ሪአድሚሽን (ተመልሶ መግባት) የሚጠይቅበት ዕድል አለው። እኔ በዚያ ነው የተመለስኩት። ማመልከቻው ቀን አለው፤ ቀኑ ካለፈ ዓመት ሊያስጠብቅ ይችላል። አብዛኛው ልጅ ቀኑ የሚያልፍበት አፍሮ ቤቱ ተቀምጦ ነው።

«የግል ኮሌጅ ይቀላል»

ይኼንን አራት ኪሎም ሜክሲኮም ሰምቼዋለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋም ተማሪ አንድ ዓይነት የመውጫ ፈተና ይወስዳል። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ክፍል ውስጥ ኤ የሰጠ መምህር እዚያ ሊረዳችሁ አይችልም። ያልገባችሁ ኮስት አካውንቲንግ በኤግዘምፕሽን ቢያልፍም መውጫ ፈተናው ላይ ሊመጣ ይችላል። ጎበዝ መምህር ያላቸው የግል ኮሌጆች አሉ፣ በደንብ የሚያስተምሩ። ወደነሱ መሄድ ያለባችሁ ለማስተማራቸው እንጂ ይቀላል ተብሎ አይደለም።

«ኮሌጁ ዕውቅና አለው፣ ምን ያስፈራል?»

ዕውቅና ለኮሌጁ ስም ብቻ አይሰጥም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚሰጠው ለፕሮግራሙ፣ ለደረጃውና ለካምፓሱ ነው። አንድ ኮሌጅ ማኔጅመንት ላይ ኖሮት እናንተ የምትፈልጉት ላይ ላይኖረው ይችላል። አንዱ ቅርንጫፍ ኖሮት ሌላው ላይኖረው ይችላል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰርተፊኬት ላይ የፕሮግራሙን ስም፣ ካምፓሱንና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። ከዚያ ባለሥልጣኑን ጠይቁ። ሁለት ዓመት ከሚቃጠል ግማሽ ቀን መመላለስ ይሻላል።

«ቦታ ስቀይር ችግሩ ይተወኛል»

ስቱደንት ኮፒውን ደግሜ ሳየው ሁለቱም ኤፍ የመጡት በአንድ ሴሚስተር ነው። «ያኔ ምን ነበር?» አልኳት። ትንሽ ቆይታ «ፒያሳ ዘመድ ሱቅ መሥራት የጀመርኩ ጊዜ ነው» አለች። ከሰዓት ያለው ክፍል በሙሉ ይቀርባት ነበር። ሱቁን አሁንም አልተወችም። አዲሱ ኮሌጅ ስትገባም እዚያው ልትሠራ ነው ያሰበችው።

የኔም እንዲያው ነበር። አባቴ ታሞ ሆስፒታል እያደርኩ ጠዋት ክፍል ውስጥ እተኛ ነበር። በበቂ ምክንያት ዊዝድሮ መሙላት እንደሚቻል፣ ሴሚስተሩ በኤፍ ሳይበላሽ አቋርጦ መመለስ እንደሚቻል ማንም አልነገረኝም። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ያ ፎርም አንድ ገጽ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ነጥቡ ለምን እንደ ወረደ ሳታውቁ አትወስኑ። ምክንያቱ ሰዓት ከሆነ ወደ ማታ ክፍል መዛወር ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ምክንያቱ ዲፓርትመንቱ ስላልሆነላችሁ ከሆነ፣ ቀሪውን አንድ ዓመት እያለቀሱ ከመጨረስ መቀየርን እኔም እደግፋለሁ። ወደ ቤተሰብ ከተማ መመለስ ግድ የሆነበት፣ ጤናው እምቢ ያለው፣ ባለበት ቦታ ደኅንነት የማይሰማው ተማሪ አለ። እነዚህ የምር ምክንያቶች ናቸው፤ ክሬዲት ቢቃጠልም ያዋጣሉ። እፍረት ብቻ ከሆነ ግን፣ እፍረቱ ሲያልፍ ሁለት ዓመትና ዕዳ ይቀራል።

ከመለያየታችን በፊት ደረሰኙ ጀርባ ላይ ለሬጅስትራር የምታቀርበውን ሦስት ጥያቄ ጻፈች። ኤፍ ያመጣሁባቸው ኮስት እና ስታትስቲክስ በየትኛው ሴሚስተር ይሰጣሉ? ስደግም አዲሱ ግሬድ የድሮውን ይተካል ወይ? ስንት ክሬዲት መያዝ ይፈቀድልኛል?

ሰኞ ጠዋት ወደ አራት ሰዓት ገደማ ደወለችልኝ። ይተካል ብለዋታል። 16 ክሬዲት ተፈቅዶላታል። ኮስት የሚሰጠው በመጀመሪያው ሴሚስተር ብቻ ነው፤ ምዝገባው ደግሞ ሐሙስ ይዘጋል። «ሱቁንስ?» አልኳት። ቅዳሜና እሑድ ብቻ እንዲያደርጉላት ልትጠይቃቸው ነው። ለእናቷ ደግሞ ደረሰኙን ይዛ ማታ ልትነግራት ነው።