«ገና አሁን ነው የተቀባው» እና ሌሎች የቤት ኪራይ ስህተቶች

ሥራዬ የሕንፃ ጥገና ነው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የሚግል ሶኬት፣ የሚላጥ ግድግዳ ሲያጋጥም የሚጠራው ሰው እኔ ነኝ። በዚህ ሥራ ላይ ከሰዎች አፍ አዘውትሬ የምሰማው አንድ ነገር አለ፤ «ቤቱ አሪፍ ነው፤ ገና አሁን ነው የተቀባው» ይላሉ። ቤት አይተው፣ ወደውት፣ ቀብድ ከፍለው ሲያበቁ ነው የሚነግሩኝ። ጥቂት ወራት አልፎ ያው ሰው ይደውላል። «ግድግዳው ጠቆረብኝ፣ ምን ይሻለኛል?»

አዲስ ቀለም ክፋት የለውም። አንድ ተከራይ ወጥቶ ሌላው ሳይገባ ቤት ማደስ ጥሩ ነገር ነው፤ ብዙ አከራዮችም በቅን ልቦና ነው የሚያደርጉት። ግን ቀለም ጥገና አይደለም። እርጥበት ያለበት ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ለጥቂት ሳምንታት ያምራል። ከዚያ ይነፋል፣ ይላጣል፣ ሻጋታውም በነበረበት ቦታ ተመልሶ ይወጣል። የሻጋታ ዘር በየትኛውም አየር ውስጥ አለ፤ ከቤት ጨርሶ ማስወጣት አይቻልም። እንዲበቅል የሚያደርገው ውሃ ነው። ስለዚህ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ቀለም መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

ውሃው የሚመጣባቸው መንገዶች ብዙ አይደሉም። አንዱ ፍሳሽ ነው፦ ከጣሪያ፣ ከላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት ወይም ግድግዳ ውስጥ ከሚያልፍ ቧንቧ። ይህ ጠርዙ ቡናማ የሆነ እድፍ ይተዋል። እየረጠበ በደረቀ ቁጥር ሌላ ቀለበት ይጨምራል። ሁለተኛው ከመሬት የሚሳብ እርጥበት ነው። የሚታየው ምድር ላይ ባሉ ቤቶች ነው። ከወለሉ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር ብዙም አያልፍም። ሲደርቅ ግድግዳው ላይ ነጭ የጨው ዱቄት ታያላችሁ። ሦስተኛው ከእኛው ከነዋሪዎቹ ይመጣል። እንተነፍሳለን፣ እናበስላለን፣ ሻወር እንወስዳለን፣ ልብስ እናሰጣለን። ይህ ሁሉ እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ወደ ውሃነት ይለወጣል። ለዚህ ነው የዚህ ዓይነቱ ሻጋታ በውጭ ግድግዳዎች ማዕዘን፣ በመስኮት ዙሪያና ከቁም ሣጥን ጀርባ የሚበዛው።

እዚህ ላይ ነው ጭቅጭቁ የሚነሳው። ተከራይ «ቤቱ ያፈሳል» ይላል። አከራይ «መስኮት አትከፍቱም» ይላል። ሁለቱም ግድግዳውን አስጠግተው አላዩትም።

አንዲት እናት ልጄ ሌሊት ሌሊት እየሳለ አስቸገረኝ፣ ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተቀብቶም አልዳነም ብላ ጠራችኝ። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ሳብነው። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ልክ በቁም ሣጥኑ ቅርጽ ጠቁሯል። የሣጥኑ የጀርባ ጣውላ በጣት ሲነካ ይገባል። ታች የተቀመጡት ጫማዎች አረንጓዴ ሆነዋል። ፍሳሽ ግን አልነበረም። ቁም ሣጥኑ ከውጭ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ቆሟል፣ ልብስ የሚደርቀው እዚያው መኝታ ክፍል ነው፣ መስኮቱ ደግሞ ብርድ ይገባል ተብሎ ሁሌም ዝግ ነው። ሣጥኑን ወደ 10 ሴንቲሜትር አራቅነው። ልብሱ ከክፍሉ ወጣ። ጠዋትና ማታ መስኮቱ ወለል ተደርጎ ለጥቂት ደቂቃ መከፈት ጀመረ። ግድግዳው ተጠርጎ ከደረቀ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ተቀባ፤ ቀለሙም በዚህኛው ጊዜ ቆየ።

በሌላ ሕንፃ ደግሞ ተቃራኒው ገጠመኝ። አከራዩ ተከራዩን «አየር ስለማታስገባ ነው» እያለ ከዓመት በላይ ወቅሶታል። እድፉ ግን ከላይኛው ቤት ሻወር ሥር ነበር፤ ክብና ባለ ቀለበት። ላይኞቹ በታጠቡ ማግስት ይሰፋል። ያ ተከራይ ቀኑን ሙሉ መስኮት ቢከፍት ምንም ለውጥ አይመጣም።

ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ቁራጭ ግልጽ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርጉና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግጥም አድርጋችሁ ለጥፉ። ለ1 ወይም ለ2 ቀን ተዉት። ውሃው የታየው ከፕላስቲኩ በስተጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ ነው። በክፍሉ በኩል ከሆነ ግን ከአየሩ ነው። ከአከራይ ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት ይህን ሞክሩ፤ ፎቶም አንሱት።

ነገሩን ቀለል አድርጎ የሚያይ ሰው ያናድደኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ራሱን የቻለ መመሪያ አውጥቷል። እርጥበት ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ሕመምና ለአስም ይበልጥ እንደሚጋለጡ በግልጽ አስፍሯል። ስለ ግድግዳ ውበት ብቻ አይደለም የምናወራው።

ስለዚህ ቤት ስታዩ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ መስኮቱ ሳይከፈት ግቡና አሽትቱ። የሚያሳያችሁ ሰው ቀድሞ ገብቶ ሁሉንም መስኮት ከፍቶ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ሳትነግሩት ተመለሱ። የስልካችሁን መብራት ከግድግዳው ጋር አስጠግታችሁ በጎን አብሩ፤ ያበጠና የተላጠ ቦታ በጥላው ይታያል። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ክፈቱና የውስጥ ወለሉን በእጃችሁ ዳሱ። የመታጠቢያ ቤቱን ኮርኒስ ቀና ብላችሁ እዩ። ቤቱ ሁሉ አሮጌ ቀለም ሆኖ አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ከሆነ ደግሞ «ይሄ ለምን ብቻውን ተቀባ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም።

«በረኪና ከተደረገበት ይጠፋል» የሚሉም አሉ። ሴራሚክ ላይ እውነት ነው። ልስን ላይ ግን ላዩን ያነጣዋል እንጂ ወደ ውስጥ የገባውን አይደርስበትም። በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ከቀለሙ ቀጥሎ የሚያሳስበኝ ኤሌክትሪኩ ነው። «ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረኝ፤ ትልቅ ቀይርልኝ» የሚለኝ ተከራይ ብዙ ነው። አልቀይርም። ብሬከር የሚወርደው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ከአቅሙ በላይ እንዳይግል ነው። ትልቅ ብሬከር ብገጥም መብራቱ አይጠፋም፤ ሽቦው ግን ማንም በማያየው ቦታ ይግላል፣ እሳትም የሚነሳው ከዚያ ነው። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ 16 አምፔር መስመር የሚችለው ወደ 3500 ዋት ነው። ባለ 2000 ዋት የውሃ ማፍያና ባለ 2000 ዋት ምድጃ በአንድ መስመር ላይ አብረው ሲበሩ ከዚያ አለፉ ማለት ነው። «ማከፋፈያው ስድስት ቀዳዳ አለው» የሚለው መልስ አይሆንም። ቀዳዳ ሲበዛ የሽቦው አቅም አይጨምርም። ቤት ስታዩ የምታበስሉበትን ቦታ ለዩና ለምድጃው የራሱ መስመር እንዳለው ጠይቁ። ሶኬት ዙሪያ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ካያችሁ ሳይጠገን አትግቡ።

«ጋዝ ቢያፈስ ይሸተኛል።» የማብሰያ ጋዝ አዎ፤ ሽታው እንዲታወቅ ተብሎ የተጨመረበት ነው። በደንብ ካልተቃጠለ ጋዝ ወይም ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። የጋዝ ውሃ ማሞቂያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተገጥሞ የጭስ ማውጫ ከሌለው ያንን ቤት ተዉት።

«ላይኛው ፎቅ ይሻላል፤ ጸጥ ያለ ነው።» ከራስ በላይ የሚራመድ የለም፤ ይሄ እውነት ነው። ግን የሊፍት ሞተር፣ የውሃ ፓምፕና ታንከር ብዙ ጊዜ እዚያው አናታችሁ ላይ ናቸው። የሚያፈስ ጣሪያም መጀመሪያ የሚያገኘው እናንተን ነው። ውሃውንም አስቡ። በየ10 ሜትር ከፍታ ግፊቱ ወደ 1 ባር ገደማ ይቀንሳል። ፓምፕ በሌለው ወይም ፓምፑ በቆመ ሕንፃ ውሃ ቀድሞ የሚጠፋው ከላይ ነው። ቤት ስታዩ ሻወሩን፣ የማድ ቤቱን ቧንቧና የመጸዳጃ ቤቱን ውሃ በአንድ ላይ ልቀቁ። አንዱን ብቻ ከፍቶ «ውሃ አለ» ማለት ምንም አያሳይም።

ድምፅን በተመለከተ «ምንጣፍ ካነጠፍኩ ጸጥ ይላል» የሚል ሰው አለ። ምንጣፉ የሚጠቅመው ታች ያለውን ጎረቤት ነው። ከላይ የሚመጣው የእርምጃና የወንበር ድምፅ በኮንክሪቱ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ በዋናነት የሚቀንሰውም ላይኞቹ ወለላቸውን ሲያለብሱ ነው። ስለዚህ ቤቱን ማታ፣ ሰው ሁሉ ከሥራ ከገባ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ሄዳችሁ ስሙት።

«ትኋን የሚገኘው ቆሻሻ ቤት ነው።» አይደለም። ትኋን ሰው ያለበትን ነው የሚከተለው፤ ጽዳት አይመርጥም። ደም ሳያገኝ ወራትን መቆየት ስለሚችል ቤቱ ባዶ ከርሟል ማለት ነጻ ነው ማለት አይደለም። ከነዕቃው የሚከራይ ቤት ከሆነ የፍራሹን ስፌትና የአልጋውን መጋጠሚያ በመብራት እዩ፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ካሉ እሱ ነው። ያገለገለ ሶፋ ስትገዙም እንዲሁ።

አንዳንዱ ስህተት ደግሞ ጥሩ ቤት ያስመልጣል። «ፍሳሹ ይሸታል፣ ቤቱ ተበላሽቷል» ብለው የሚሸሹ አሉ። ባዶ የቆየ ቤት የሚሸተው ብዙ ጊዜ በቀላል ምክንያት ነው። ከእያንዳንዱ የፍሳሽ ቀዳዳ ሥር ሽታ የሚያግድ ውሃ የሚቆምበት ጎባጣ ቧንቧ አለ፤ ቤቱ ሳይኖርበት ሲቀር ያ ውሃ ይደርቃል። በየቀዳዳው አንድ አንድ ሊትር ውሃ አፍሱና ጥቂት ጠብቁ። ሽታው ከጠፋ ምክንያቱ ያ ነበር ማለት ነው።

«በፎቶ አይቼዋለሁ፣ ሰፊ ነው።» ሰፊ ሌንስ ጠባቡን ክፍል ያሰፋዋል። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ የአልጋችሁንና የፍሪጃችሁን ስፋት አስቀድማችሁ ለኩ፣ በሩንም ለኩ። ሳታዩት ቀብድ የሚጠይቅ፣ «ከአገር ውጭ ነኝ፣ ቁልፉን እልክላችኋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ንግግሩን እዚያው አቁሙ።

የመጨረሻው «ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ መጻፍ አያስፈልግም» የሚለው ነው። ሰዎቹ ጥሩ ቢሆኑም ቤቱን በልጃቸው ወይም በወኪል ሊያስተዳድሩት ይችላሉ፤ ያ ሰው የቃል ስምምነታችሁን አያውቅም። ምን ማን እንደሚጠግን፣ ውሃና መብራት ማን እንደሚከፍል፣ ማስያዣው በምን ሁኔታ እንደሚመለስ ይጻፍ። ማስያዣ የመጨረሻው ወር ኪራይ ነው ብላችሁም በራሳችሁ አትወስኑ፤ ውሉ እንደዚያ ካላለ ያልከፈላችሁት ወር እዳ ሆኖ ይቆጠርባችኋል።

ዕቃ ሳይገባ፣ ቤቱ ባዶ እያለ፣ እያንዳንዱን ክፍል ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ አንሱ። የተሰነጠቀውን ሴራሚክ፣ የተጫረውን በር፣ የማይዘጋውን መስኮት ቀረብ ብላችሁ አንሱ። የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ቁጥር አንብባችሁ ጻፉ፤ የቀድሞው ተከራይ ፍጆታ በእናንተ ላይ እንዳይመጣ። ፎቶዎቹን ስልካችሁ ላይ ብቻ አታስቀሩ። በዚያው ቀን ለአከራዩ በመልእክት ላኩለትና «ስንገባ የነበረው ሁኔታ ይህ ነው» ብላችሁ ጻፉ። የምትወጡበት ቀን ሲደርስ «ይሄን እናንተ ናችሁ የሰበራችሁት» የሚለውን ክርክር ቀኑ የሚታወቅ መልእክት ይዘጋዋል። ቁልፉንም አስፈቅዳችሁ ሲሊንደሩን ብቻ አስቀይሩ፤ ከእናንተ በፊት ስንት ሰው ቅጂ እንዳስወጣ አከራዩም አያውቅም።