«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» እያልን ጓሮ ውስጥ እናጋባቸዋለን

ባሕር ዳር ውስጥ ችግኝና ዘር ስሸጥ ብዙ ክረምት አለፈ። ሰኔ በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። «ዱባ ተክያለሁ፤ ቅሉን አጠገቡ ባደርገው ዱባዬ ይመራል አይደል?»

አይመርም። ዘንድሮ ይህን ስንት ጊዜ እንደመለስኩ መቁጠር ትቻለሁ። ጽፌው ልገላገል።

የሚገርመኝ ጠያቂዎቹ «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለውን ተረት ከእኔ በላይ ያውቁታል። ለሰው ጠባይ ይተርቱበታል፣ ጓሮ ሲገቡ ይረሱታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዱባና ቅል የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው፤ ግን አይዳቀሉም። የዱባ አበባ ቢጫ ነው። ማለዳ ይከፈታል፣ ንብ ትጎበኘዋለች፣ ፀሐይ ጠንከር ስትል ይከደናል። የቅል አበባ ነጭ ነው። ሲመሻሽ ይከፈታል፣ የእሳት ራት ትመጣበታለች፣ በማግስቱ ጠውልጎ ታገኙታላችሁ። አንዱ የቀን ሠራተኛ፣ ሌላው የሌሊት ዘበኛ ነው። በእጃችሁ የአንዱን የአበባ ብናኝ ወስዳችሁ በሌላው ላይ ብትቀቡት እንኳ ጠብ የሚል ነገር የለም።

አገራቸውም አንድ አይደለም። ዱባ መነሻው አሜሪካ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ነው። ቅል ግን የአፍሪካ ልጅ ነው። ቅርፊቱ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ዘሩም ውስጡ ወራት ይቆያል። በዚህ ምክንያት ሰው ሳይወስደው በውቅያኖስ ተንሳፎ አሜሪካ እንደገባ ይታመናል፤ ከ10,000 ዓመት በፊት ገደማ እዚያ ነበር። ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል የሚባለው ለዚህ ተክል ሲያንሰው ነው፤ ከአገሩም ወጥቶ አላፈረም።

«ታዲያ የእኔ ቅል ለምን መረረ?» ትሉኝ ይሆናል። ቅል ከቅል ጋር ይዳቀላላ! መራራ የሆነ የዕቃ ቅል አጥር ላይ ካለ፣ በለጋነቱ ለወጥ የምትተክሉት ለስላሳው ቅል ከእሱ ብናኝ ሊወስድ ይችላል። ልብ በሉ፤ የዘንድሮው ፍሬ ጣዕሙ አይለወጥም። ለውጡ ያለው ዘሩ ውስጥ ነው። ያንን ዘር ለከርሞ ስትተክሉት ነው ምሬቱ የሚወጣው። ሰው ደግሞ ያምናውን ረስቶ አጠገቡ ያለውን ዱባ ይከሳል።

አንዲት ጎረቤቴ አሉ፣ እማማ ነው የምላቸው። አምና በሐምሌ አንድ እግር ቅል ከነሐረጉ ነቅለው መንገድ ላይ ጥለውት አገኘሁ። ገና ማበቡ ነበር። «እማማ፣ ምን በደለዎት?» አልኳቸው። «ዱባዬን ሊያበላሽብኝ ልጄ፣ ምን ላድርግ!» አሉ። ዱባቸው በጥቅምት ደረሰ። መራራ ባይሆንም ውኃ ውኃ ይል ነበር። ጥፋቱ የዘሩ ነበር፤ ቅሉ ግን በነጻ ሞተ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቅልም ሆነ ዱባ ቀምሳችሁ ከመረራችሁ ትፉት፣ ወጡንም ድፉት። ምሬቱ መርዝ ነው፤ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስታውካል፣ ሰው ሆስፒታል ያስገባል። ቢቀቀልም አይለቅም። «ትንሽ ስኳር ጣል ላድርግበት?» ያለችኝ ደንበኛም አለችኝ። እኔ ምን ልበል?

ሌላው ጣት ነው። ለጋ ቅል በጣት ከተጠቆመ ይረግፋል ይባላል። በዚህ ምክንያት ጓሮ ውስጥ በክርን የሚያሳይ ሰው አይቻለሁ። ለጋው የሚረግፈው ብናኝ ስላልደረሰው ነው። በክረምት ማታ ማታ ዶፉ ሲወርድ የእሳት ራት ከየት ትምጣ? ትንሿ ፍሬ ሁለት ሦስት ቀን ትቆይና ቢጫ ሆና ትወድቃለች። አንዳንዴ ደግሞ የፍሬ ዝንብ ወግታው እንቁላሏን ጥላበት ነው፤ ሰንጥቃችሁ ብታዩት ትል አለበት። ለዝንቡ ለጋውን በጋዜጣ ወይም በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልሉት፤ በቃ።

ለብናኙ ግን እናንተ የእሳት ራት ሁኑ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ውጡ። ቀጭን ረጅም አገዳ ላይ የቆመው ወንዴ አበባ ነው። ሥሩ ላይ ጠጉራም ትንሽ ቅል የመሰለች እብጠት ያለችው ሴቴዋ ናት። ወንዴውን ቀንጥሱ፣ ነጩን ቅጠሉን ግፈፉ፣ መሐሉን ሴቴዋ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሹት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ አምና የስልክ መብራት ይዤ ስዞር ጎረቤቶቼ ጅብ የገባ መስሏቸው ወጥተዋል።

«አበባው ሁሉ ረገፈ፣ መካን ነው» ለምትሉ፦ መጀመሪያ የሚመጡት ወንዴዎቹ ናቸው፤ መርገፍ ሥራቸው ነው። ሴቴዎቹ በብዛት የሚወጡት በጎን ቅርንጫፎች ላይ ነው። ዋናው ሐረግ አጥሩ ጫፍ ሲደርስ ጫፉን ቀንጥሱት፤ ቅርንጫፍ ያወጣል።

ፍግ በበዛ ቁጥር ፍሬ ይበዛል? የሚበዛው ቅጠል ነው።

ሐረግ እባብ ይጠራል? እባብ የሚከተለው አይጥ ነው፤ የጤፍ ጎተራችሁን አስተካክሉ።

የመጨረሻው ስሕተት ለዕቃ የታሰበውን ቅል ገና አረንጓዴ ሳለ ቀጥፎ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። ይጨማደድና ለምንም አይሆንም። አንጠልጣዩ አገዳ እስኪደርቅና ቅርፊቱ ጥፍር እስከማያስገባ ጠብቁ። በሰኔ የተተከለ ኅዳር አካባቢ ይደርሳል። ከዚያም ጥላ ሥር፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ትልቁ ወራት ይፈጃል። ላዩ ላይ ሻጋታ ሲያወጣ ደግሞ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጥሉት! እየደረቀ ነው። በጨርቅ ጠርጉት፤ ስትነቀንቁት ዘሩ ከተንኳኳ ደርሷል። አንገቱ ቀጥ እንዲል የምትፈልጉ ተንጠልጥሎ ይደግ፤ መሬት ላይ የተኛ ይቆለመማል።

እማማ ባለፈው ሳምንት መጡ። ለቅቤ መናጫ የሚሆን ቅል ገበያ ሄደው ዋጋውን ሰምተው ተመልሰዋል። ዘር ሰጠኋቸው፤ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉት አልኳቸው። ዘሩን በመቀነታቸው ቋጥረው በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ግን ልጄ፣ ከዱባው ስንት እርምጃ ላርቀው?»